ከሸክላው ሥር

ዛሬ ስለ አንድ አስቂኝ ፊልም ላጫውታችሁ ነው። ርእሱን ስትሰሙ ግን «ይህ ምኑ ያስቃል?» ማለታችሁ አይቀርም፤ «አንድ ባልዲ ደም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ፊልም ነው። አዘጋጁ ሮጀር ኮርማን በትንሽ ገንዘብና በጥድፊያ ፊልም በመሥራት የታወቀ ሰው ነበር፤ ይህንንም በአምስት ቀን ቀረጻና በ50,000 ዶላር ገደማ እንደጨረሰው ይነገራል። ድርሰቱ የቻርልስ ግሪፊት ነው። ስሙ ያስፈራል፣ ግድያም አለበት፤ ዓላማው ግን ማሾፍ ነው። የሚያሾፈውም በነፍሰ ገዳዩ ላይ ብቻ አይደለም፤ በዋናነት በሚያጨበጭቡለት ሰዎች ላይ ነው።

መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙልኝ፦ ሰውን ያወደሰ ሰው፣ ውዳሴው ለሚያመጣው ነገር ይጠየቃል ወይ?

ታሪኩ የሚከናወነው «ቢጫው በር» በተባለ ካፌ ውስጥ ነው። ዘመኑን ካላወቃችሁ ቀልዱ ያመልጣችኋል፤ ስለዚህ ትንሽ ልበል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ሀብታም ሆነች። ሥራ፣ መኪና፣ ቤት፣ ማቀዝቀዣ፤ የኑሮ ግቡ ሁሉ ይኸው ሆነ። በ1950ዎቹ ጥቂት ወጣት ጸሐፊዎች «ይህ ኑሮ አይባልም» ብለው ተነሡ። ካፌ ውስጥ በጃዝ ሙዚቃ ታጅበው ግጥም ያነብቡ ነበር። ከመካከላቸው የአለን ጊንስበርግ «ሃውል» በ1956 ታትሞ በማግስቱ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ፍርድ ቤት እስከ መቅረብ ደረሰ፤ አሳታሚውም በነጻ ተለቀቀ። የመጀመሪያዎቹ ምንም ብንላቸው የምር የሚሉት ነገር ነበራቸው። ከዚያ ግን እንደተለመደው ኮራጁ ተከተለ። ጢም ያስረዘመ፣ ጥቁር ሹራብ ያጠለቀ፣ ያልገባውን ግጥም ሰምቶ ዓይኑን የሚጨፍን ሁሉ ገጣሚ ሆነ። በ1958 አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ አምደኛ «ቢትኒክ» የሚል የማሾፊያ ስም አወጣላቸው። ኮርማንና ግሪፊት የሚያሾፉት በእነዚህ በኮራጆቹ ነው።

ዋናው ሰውዬ ዋልተር ፔዝሊ ይባላል፤ ዲክ ሚለር የተባለ ተዋናይ ነው የሚጫወተው። ዋልተር ገጣሚም ሠዓሊም አይደለም። የዚያ ካፌ ስኒ ሰብሳቢና ጠረጴዛ ወልዋይ ነው። ትንሽ ዘገምተኛ፣ ትንሽም የዋህ። ሲያልፍ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሰዎቹ ስለ ሰው ልጅ ነፍስ ሲከራከሩ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ያሳልፉታል እንጂ ንግግራቸውን አያቋርጡለትም።

ፊልሙ የሚጀምረው ማክስዌል ብሮክ የሚባል ጢማም ገጣሚ መድረክ ላይ ቆሞ ግጥሙን ሲያሰማ ነው። የግጥሙ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኪነ ጥበብ ሁሉም ነገር ነው፣ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ፈጣሪ ያልሆነ ሰው ለፈጣሪው ጥሬ ዕቃ ቢሆን ምን አለበት። አዳራሹ ያደንቃል። ዋልተር ደግሞ ትሪ ይዞ ቆሞ ይሰማል። ቆይቶ ወደ ብሮክ ቀርቦ ግጥሙን በቃሉ ይወጣለታል። ብሮክ ግን ራሱ የተናገረውን አያስታውስም፤ ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ አለመናገሩ እንደ ክብር የሚቆጥረው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሜ ጥቂት አሰብሁ። መድረክ ላይ የቆመው ሰው ቃሉን ረስቶታል። ስኒ ሰብሳቢው ግን በልቡ ጽፎታል። ብሮክ ሰው መግደል ይገባል ብሎ የሚያምን አይመስለኝም፤ አፉ ላይ ያማረለትን ተናገረ፣ ጭብጨባውን ተቀበለ፣ ሄደ። ከሚሰሙት መካከል አንድ የሚያምነው ሰው ሊኖር እንደሚችል አላሰበም። መድረክ ላይ የምትወጡ ሁሉ፣ ይህችን አስቧት። እኔም መምህር ነኝና ለራሴም ነው የምናገረው።

ዋልተር ማታ ወደ ተከራያት ጠባብ ክፍሉ ገብቶ ጭቃ ይጠፈጥፋል። የካፌዋን አስተናጋጅ የካርላን ፊት ሊቀርጽ ይፈልጋል፤ ይወዳታልና። ጭቃውን እየለመነ እየተቆጣ ይታገላል፤ አፍንጫ ሁን ይለዋል፣ አይሆንለትም። በዚህ መሐል የአከራዩ ድመት ግድግዳው ውስጥ ተቀርቅሮ ይጮኻል። ዋልተር ሊያወጣው ብሎ ግድግዳውን በቢላ ሲወጋ፣ ቢላው ድመቱ ላይ ያርፋል። ደነገጠ። አዘነ። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። መጨረሻ ላይ ድመቱን ቢላው እንደተሰካበት በጭቃ ሸፈነው።

በነጋታው ይዞት መጣ። ስሙንም «የሞተ ድመት» አለው፤ ዋልተር መዋሸት እንኳ በወጉ አይችልበትም! ካርላ አየችው፣ ከልቧም አደነቀች። የካፌው ባለቤት ሊዮናርድ ፊቱን አጨፈገገ፤ እሷ ግን አግባብታው ለእይታ ቀረበ። ካፌው በአንድ ምሽት አበደ። ያ ስኒ ሰብሳቢ «ሊቅ» ተባለ። ትናንት ስሙን የማያውቁት ዛሬ ክንዱን ይዘው ወንበር ሰጡት።

ልብ በሉ፣ እስከዚህ ድረስ ዋልተር ክፉ ሰው አይደለም። አደጋ ደረሰበት፣ አደጋውን ደበቀ፣ የደበቀው ነገር ተወደሰ። ውዳሴው ባይመጣ ኖሮ ድመቱን ቀብሮ፣ አከራዩን ይቅርታ ጠይቆ፣ ወደ ስኒው ይመለስ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዝና ግን ሁለተኛ ሥራ ይጠይቃል። ድመቱን የወደደ ሁሉ «ቀጥሎስ?» ይላል። አንዲት አድናቂ በስጦታ ብልቃጥ ትሰጠዋለች፤ ውስጡ ሄሮይን መሆኑን ዋልተር አያውቅም። ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ተከትሎት ቤቱ ድረስ ይመጣና ሊይዘው ይሞክራል። ዋልተር የሚተኩስበት መስሎት በያዘው መጥበሻ ይመታዋል፤ ሰውየው ይሞታል። ይህም ግማሹ ድንጋጤ ነው። ሦስተኛዋ ግን አሊስ የተባለች ሞዴል ናት፤ ካፌ ውስጥ ሁሉም ሲያወድሰው እሷ ብቻ ያቃለለችው። እሷን አስቦበት፣ ለምኖ፣ ቤቱ ወስዶ በሻርፗ አንቆ ገደላት። አራተኛውን ሰውዬ የገደለው ደግሞ ብሮክ ለክብሩ ካዘጋጀለት ድግስ ሰክሮ ሲመለስ ነው፤ ይህ ምንም አላደረገውም፣ ምንም አላለውም፣ አያውቀውም። በመጋዝ አንገቱን ቆረጠው።

ቁልቁለቱን አያችሁት? ከአደጋ ወደ ድንጋጤ፣ ከድንጋጤ ወደ ቂም፣ ከቂም ወደ ምንም ምክንያት። በየደረጃው መሐል ደግሞ አንድ ጭብጨባ አለ። ፊልሙ ሲያልቅ የማስታውሰው ደሙን አይደለም (እንዲያውም ርእሱ እንደሚያስፈራራው ብዙ ደም አይታይም)፤ ያንን የሚደነቅ ፊት ሁሉ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ የያዘኝ ሊዮናርድ ነው፤ የካፌው ባለቤት።

ሊዮናርድ እንደ ሌሎቹ የዋህ አድናቂ አይደለም። ያውቃል። አንድ ቀን «የሞተ ድመት» ከተባለው ሥራ ጭቃ መሐል ጸጉር ሾልኮ ያያል። እውነተኛ ጸጉር። ነገሩ ሁሉ ይገባዋል፤ ፖሊስ ቤት መደወል እንዳለበትም ያውቃል። ግን ሥራው ዋጋ ሊያወጣ እንደሚችል ይታየዋል። ዋልተር «የተገደለ ሰው» የሚለውን ሁለተኛ ሥራ ሲገልጥ ሊዮናርድ ብቻ ነው ፊቱ የሚገረጣው፤ ከጭቃው ሥር ምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና። እዚያም ላይ አፉን አልከፈተም። ካፌው ሞልቷል፣ ገዢ መጥቷል። አሊስ በሕይወት ነበረች በዚያን ሰዓት። ያ የመጋዙ ሰውዬም በሕይወት ነበር።

ሊዮናርድ ማንንም አልገደለም። አልዋሸምም፤ ዝም አለ እንጂ። ክፉ ሰው ነው ብትሉኝ እንደ ፊልም ክፉ ሰው የሚስቅ፣ እጁን የሚያፋትግ አይደለም፤ ያልበዋል፣ ይጨነቃል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል። ነገን ይጠብቃል። ነገ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ሐውልት ይዞ ይመጣል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ እንዲህ ይለኝ ይሆናል፦ «ታዲያ አናወድስ? ጀማሪውን በርታ ማለት ቀርቶ ሁሉን በጥርጣሬ እንመርምር?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ካርላን ተመልከቷት። ካርላም አወድሳዋለች፤ ምናልባትም ከሁሉ አስቀድማ። ግን ሰውየው ስኒ ሲሰበስብም በደግነት የምታናግረው እሷ ብቻ ነበረች። በመጨረሻም ኤግዚቢሽኑ ላይ ሕዝቡ ሁሉ ወይን ይዞ ራቅ ብሎ ሲያደንቅ፣ እሷ ጠጋ ብላ አየች። ከአንዱ ሐውልት ላይ ጭቃው ትንሽ ረግፎ ጣት ይታያል። የአሊስ ጣት።

የሌሎቹ ውዳሴና የካርላ ውዳሴ የሚለያየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እነሱ ያደነቁት ማድነቅ ስለሚያምርባቸው ነው፤ «ገብቶኛል» ለመባል። ስለዚህ ጠጋ ብለው ማየት አላስፈለጋቸውም። በአንድ ምሽት ከስኒ ሰብሳቢነት ወደ ሊቅነት ያሻገሩት ሰውዬ፣ በሁለቱም ምሽት አልታያቸውም። መጀመሪያ ያዩት ትሪውን ነበር፣ ኋላም ያዩት ጭቃውን ነው። እሷ ግን ሳትሳሳት ባትቀርም፣ ዋልተርን እንደ ሰው ታየው ነበር፤ የምትወድደውን ነገር ደግሞ ቀርባ ታያለች። ዋልተር ዕድሜውን ሙሉ የሚፈልገው እንዲህ ጠጋ ብሎ የሚያየው ሰው ነበር፤ አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ባየችው ቀን ግን የሚታየው ነገር ሬሳ ሆኖ ተገኘ።

ዋልተር ካርላን ያሳድዳታል፤ የገደላቸው ሰዎች ድምፅ በጆሮው ይጮኽበታል፤ እሷን ትቶ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ሰዎቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ ጭቃ ተቀብቶ፣ ራሱን ሰቅሎ ያገኙታል። ብሮክ፣ ያ የመጀመሪያው ገጣሚ፣ ቀና ብሎ ያየዋል። አያለቅስም። ዋልተር ይህን ሥራ ቢሰይመው ምን ይለው እንደነበር ይገምታል፤ ከሥራዎቹም ሁሉ ታላቁ ይህ ነው ይላል። ፊልሙ በዚህ ያበቃል። አስክሬን ፊት ቆሞ እንኳ ሂስ የሚሰጥ ሰው! እዚህ ላይ ነው በመጀመሪያው ጊዜ ጮክ ብዬ የሳቅሁት።

አሁን ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ለምን እንዳልሳቅሁ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት የወጣቶች ኅብረት ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። ሲገባ ሲወጣ የማይታይ፣ ወንበር የሚደረድር፣ የድምፅ ማጉያ ገመድ የሚጠቀልል። አንድ ቅዳሜ ምስክርነት ይስጥ ተባለ። ወጣ፤ እየተንተባተበ፣ በአምስት ደቂቃ፣ ጫት እንዴት እንደያዘውና እናቱ እየጸለዩ እንዴት እንደተወ ተናገረ። እውነት ነበር፣ ትንሽም ነበር። አዳራሹ ግን ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ በዚያ ቀን ጭብጨባዬ ንጹሕ ነበር።

ከወር በኋላ ሌላ ቦታ ተጋበዘና አብሬው ሄድሁ። በዚህኛው ጊዜ ታሪኩ ውስጥ ቢላ ገባ። ቀጥሎ በሰማሁት ጊዜ ስድስት ወር እስር ገባ። ልጁ የኔው ሰፈር ልጅ ነው፤ አንድም ቀን ታስሮ አያውቅም። ያን ጊዜ ጸጉሩን አየሁት፤ ሊዮናርድ ያየውን ጸጉር።

ምን አደረግሁ? «በጉጉት ነው፣ ይበርዳል» አልሁ። «ብነግረው ይሰበራል» አልሁ። እውነተኛው ምክንያት ግን ይህ ነው፦ የቅዳሜ ፕሮግራማችን ሞልቶ ነበር። እሱ ይናገራል ሲባል ቆሞ የሚሰማ ሳይቀር ይመጣ ነበር። ሽማግሌዎች «ወጣቶቹን ያዝክልን» ብለው መረቁኝ። ጭብጨባው ለሱ ብቻ አልነበረም፤ ለኔም ይደርሰኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቱ መጡ። ልጃቸው ሲናገር ሰምተው አያውቁም ነበርና ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ተቀመጡ። ልጁ አላያቸውም። መድረኩ ላይ ወጥቶ ጀመረ፤ ደረጃ በደረጃ፣ እንደ ለመደው ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ። ወደ መጨረሻው ላይ፣ በዚያ በታሰረበት ጊዜ እናቱ በሐዘን እንደሞቱ፣ ሳይቀብራቸው እንደቀረ ተናገረ። አዳራሹ አለቀሰ። እኔ ወደ ኋላ ዞርሁ። እናቱ አላለቀሱም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ «ይቅርታ ልጄ፣ አሳልፊኝ» አሏትና ወጡ። በሩ ሲከፈት ልጁ ቀና አለ። ሕዝቡ የመጨረሻው ዕንባ መስሎት ተነሥቶ ሲያጨበጭብለት፣ እሱ ማይኩን እንደያዘ በሩን ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኅብረቱ ውስጥ አልታየም። እኔም ለብዙ ሳምንት አልሄድሁም፤ ምን ይዤ እሄዳለሁ? መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በራቸውን አንኳኳሁ። እናቱ ከፈቱልኝ። «ግባ ልጄ» አሉኝ፣ ቡናም አቀረቡ። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ልጁ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ ስኒ ያቀብላቸው ነበር። ሁለተኛው እስኪደርስ ዝም ተባባልን።

እናቱ ውሃ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሲገቡ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ታውቅ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቢላው።»

አልተቆጣም። ብቻ ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ያኔ ለምን አላልከኝም? ያኔ እኮ እሷ አልሞተችም ነበር» አለኝ።

እናቱ ጀበናውን ይዘው ተመለሱ።